ቅኔ ቆጠራና የጂሲ መጽሔት

ሰኔ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እጄ ማውሱ ላይ ይቀራል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በር ላይ ያየሁት የምረቃ ባነር ከዐይኔ አልጠፋ አለ። የተመራቂዋ ፊት ተሰባብሮ፣ ዐይኗ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። አንጀቴን በላኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኳል፤ ቴሌግራም ደግሞ ጨምቆ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ቢላክ ኖሮ እንዳለ ይደርስ ነበር። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ 100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች መቶ ነጥብ) ይበቃዋል፤ 3 ሜትር ስፋት ያለው በዚህ ልክ ሲከፈት 11,811 ፒክስል ይሆናል። ጥራት ይጨምራል ብሎ በ300 የሚከፍት ልጅ 35,433 ይደርስና ይቸገራል፤ የፎቶሾፕ ፒኤስዲ ፋይል ከ30,000 በላይ አይቀበልም።

አንድ የእኛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ጨረሰ፤ «ከትምህርቱ ጎን ዲዛይን ልሥራ» ይላል። ይሥራ። ግን ከሁሉ በፊት የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂዎች፣ መጽሔት ኮሚቴ ውስጥ ይግባ። በፍሪላንስ ለመኖር የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው እዚያ አለ። 62 ገጽ አዘጋጅቶ ማተሚያ ቤት የሄደ ሰው ሁለት ባዶ ገጽ ይጨመርበታል፤ ታጥፎ መሐሉ ላይ የሚሰፋ መጽሔት በአራት መካፈል አለበት። ከጠርዙ ውጭ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ቀለም ካልተወ መቁረጫው ነጭ መስመር ያስቀርበታል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ ማተሚያው አራት ቀለም፣ ሲቀየር ወይን ጠጅ ይመስላል። ላስት ወርዱን፣ ተመራቂው ከፎቶው ሥር የሚያሰፍረውን የስንብት ቃል፣ በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፎ የሰጠ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ትርምስ ያገኛል፤ ያ ፎንት የኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀመጠ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የየራሳቸውን ቦታ የሚሰጠው ዩኒኮድ ግዕዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ካካተተ ወዲህ ይህን ያህል ጣጣ ባልተገባ ነበር።

ስም ላይማ ምሕረት የለም። ኃይሉ በየትኛው «ሀ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ጸ» እንደሚጻፍ ባለቤቱን ጠይቆ፣ በወረቀት አትሞ፣ እያንዳንዱን ማስፈረም ነው። አንድ ሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ የተገኘ ስህተት አይታረምም።

ገንዘቡም እዚያው ይለመዳል። ግማሹ ቀብድ ሥራው ሳይጀመር፣ ቀሪው የመጨረሻው ፋይል ሳይሰጥ። ምርቃቱ ካለፈ ኮሚቴው ይበተናላ! አንዱ ሞጣ፣ አንዱ ደንበጫ፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም ይገባና የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑም በጽሑፍ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ከፖሊ፣ ከምሕንድስናው ግቢ፣ የወጣው መሐንዲስ ቢሮ ሲከፍት የሚደውለው ያኔ መጽሔቱን በቀኑ ላደረሰው ልጅ ነው፤ የዶርም ጓደኛ የመጀመሪያው ደንበኛ ነው።

ይህን እያሰብኩ የቅኔ ቤቱ መጣብኝ። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም እዚሁ እኛው አገር፣ ጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። ደበሎውን ለብሶ ጫካ ውስጥ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማሉ። የትናንቱን ዛሬ ይዞ አይመጣም። ቤቱ ቢጎድል፣ ሰሙ ከወርቁ ቢጋጭ እዚያው ይነገረዋል፤ ጓደኞቹም ይሰሙታል። ካምፓስ ያለ ልጅም በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ነገር፣ ለክበብ የሚሆን ፖስተርም ቢሆን፣ ሠርቶ ለሚያርመው ሰው ቢያሳይ አራት ዓመት ብዙ ነው።

ከምርቃት በኋላ ግን ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ደንበኛው «አሪፍ ነው፣ ላከው» ይላል፤ ይህ እርማት አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህር ሲሆን እንኳ በዓል በደረሰ ቁጥር አዲስ ይዞ ሊቃውንት ፊት ይቆማል። የእኛ ልጅ በሰላሳ ዓመቱ ክፍሉን ዘግቶ ሲሠራ፣ ቤቱ መጉደሉን ማን ይነግረዋል?