ለቴሌቪዥን አንድ፣ ለራዲዮ አንድ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ ኤዲተር ነኝ። እንጀራችን ሠርግ ነው። የምርጫ ሰሞን ግን የሁለት ዕጩዎችን ክርክር እንድንቀርፅ ተጠራን። ቪዲዮው ለቴሌቪዥን፣ ድምፁ ለኤፍኤም ራዲዮ።

ርዕሱ ውኃ ነበር። እኛ ሰፈር ውኃ ከተነሳ ቀልድ የለም።

የመጀመሪያው ዕጩ አፈኛ ነው። ሱፉ ልክክ ብሏል፤ ካሜራው የት እንዳለም ያውቃል። "ለሕዝባችን በቁርጠኝነት እንሠራለን" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ገልብጦ ይደግመዋል። ሁለተኛው በሙያው የውኃ መሐንዲስ ነው። ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ወረቀቱን ያያል፤ "እ..." ይላል። ከዚያ የትኛው መስመር እንዳረጀ፣ መብራት ሲጠፋ የትኛው ፓምፕ እንደሚቆም፣ ከፍታ ላይ ያሉ ሰፈሮች ለምን ውኃ እንደማይደርሳቸው ይዘረዝራል። ግንባሩ በላብ ያበራ ነበር። "ትንሽ ፓውዳር እናድርግልዎ" ብንለው "ሙሽራ ነኝ እንዴ?" ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ኤዲቲንግ ላይ አንድ ነገር አለ። ከቪዲዮ ዝምታ ቆርጠህ ስታወጣ የሰውዬው ፊት ዘለል ይላል፤ ተመልካች ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ እንዳለ ተውነው። ድምፅ ላይ ግን ማንም አያውቅም። የራዲዮው ሰዓት አጭር ስለነበር "እ..."ውንም ዝምታውንም ጠራረግኩት።

ፕሮግራሙ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቡና ቤት ነበርኩ። "ያኛው ጭንቅላት ነው! መሐንዲሱ ሳያጠና ፈተና የገባ ተማሪ ይመስላል" አሉ። በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሀረጎ ላይ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ስለዚያው ክርክር ያወራል። የሰማው በራዲዮ ነው። "ያ የውኃው ሰውዬ ወላሂ አዋቂ ነው! አንዴ እንኳን አልተደናቀፈም!" እኔ መስኮቱን እያየሁ ሳቄን ዋጥኩ።

ለስቱዲዮው ባለቤት ነገርኩት። ጋሼ ታሪክ ይወዳል። "አብሽር፣ ኒክሰንም ደርሶበታል" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት የተፎካከሩት ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ኒክሰን በጉልበት ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ከስቷል፣ ያልበዋል፣ ግራጫ ሱፉም ከጀርባው ግድግዳ ጋር ተመሳስሏል። በራዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ፣ ያዩት ግን ኬኔዲ አሉ ይባላል። ጋሼ የማይነግርህን እኔ ልጨምር፦ ይህ ወሬ አከራካሪ ነው። የተጠየቁት የራዲዮ አድማጮች ጥቂት ነበሩ፤ ከመጀመሪያውም ወደ ኒክሰን ያዘነበሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይበልጥ የገረመኝ ያኔ በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት ነው። ለሰዎች የማያውቋቸውን ዕጩዎች ፎቶ አሳይተው "ብቃት ያለው የትኛው ይመስላችኋል?" አሏቸው። በመልኩ ብቻ የተመረጠው ሰው 70 በመቶ ገደማ በሚሆኑት የአሜሪካ ሴኔት ውድድሮች ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ንግግር የለ፣ ፖሊሲ የለ።

የኛ አገር ነገር ደግሞ ግራ ያጋባል። ሽማግሌ ከመናገሩ በፊት ዝም ሲል እናከብረዋለን፤ ነገር እያመዛዘነ ነው እንላለን። ያው ዝምታ ስክሪን ላይ ሲመጣ "አያውቅም" ይባላል። ቴሌቪዥን ላይ ፍጥነት እንደ እውቀት ይቆጠራል መሰለኝ።

ከሳምንታት በኋላ አፈኛው ዕጩ ስቱዲዮ መጣ። የመሐንዲሱን የራዲዮ ቅጂ ሰምቶ ቀንቷል። "ለሱ ያደረግከውን ለኔም አድርግልኝ" አለኝ። ዝምታ አልነበረውም፤ ያለው ድግግሞሽ ነው። እሱን ስቆርጥ፣ ስቆርጥ፣ የቀረው ሰላምታውና ምስጋናው ሆነ። ሰምቶት "አይ፣ ቪዲዮው ይሻለኛል" ብሎ ሄደ።