ሦስት ወር ሙሉ የጥያቄ ምልክት ባካፕ ሳደርግ ነበር

ዌብሳይት መሥራት የጀመረ ሰው «በምን ልሥራ?» ሲለኝ መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ኮድ መጻፊያ ቪኤስ ኮድ፣ ሥራ ማስቀመጫ ጊት። ግራ ሲገባችሁ ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት ኤምዲኤንን (የዌብ ሥራ ማጣቀሻ ሳይት ነው) አንብቡ። የሳይቱን ግንኙነት ለማመስጠር ለሚያስፈልገው ሰርተፍኬት ብር አታውጡ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል፣ ግን ቢበዛ 90 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል እድሳቱን አውቶማቲክ አድርጉት። ለፊደሉ ቅርጽ (ፎንት) ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። የእኔን ዶሜይን (የሳይቱን አድራሻ) ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ፤ እናንተም እንዲህ ካደረጋችሁ ካርዱ የዘመድ ቢሆንም ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን። የማደሻ ማስታወቂያው እሷ ጋ ሄዶ ሳይከፈት እንዳይቀር።

እኔን ያቃጠለኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ባካፑ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂው፣ ነው።

ሳይቱ ያገለገሉ መጻሕፍት ለሚሸጡ አንድ ሰው የሠራሁት ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ልጃቸው ሁለት ወር ማታ ማታ ከአባቷ ደብተር እያየች 1,140 መጽሐፍ አስገባች። እኔ ደግሞ በየሌሊቱ ዳታቤዙን (መጻሕፍቱ የተመዘገቡበትን ቋት) ገልብጦ የሚያስቀምጥ አጭር የፒኤችፒ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። ኮራሁበት፣ እውነቱን ለመናገር። ፋይሉ በየጠዋቱ አለ፣ መጠኑም ዜሮ አይደለም፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ከፍቼ አላየሁትም። አንድም ቀን።

ከሦስት ወር በኋላ ረከስ ያለ ሆስቲንግ (ሳይቱን ሰርቨሩ ላይ የሚያኖር ድርጅት) አገኘሁና ሳይቱን በዚያ የባካፕ ፋይል አዛወርኩ። የድሮውን አካውንት በዚያው ቀን ዘጋሁት፤ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ላለመክፈል ብዬ። ያተረፍኩት 4 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማታ ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለኔ ነው?»

ከፈትኩት። «???? ??? 900 ብር»። ከሥሩ «????? ?? ???? 180 ብር»። እስከ ታች ድረስ እንደዚያው። ዋጋው ቁጥር ስለሆነ ተርፏል፣ «ብር» የሚለው ቃል ከዳታቤዙ ሳይሆን ከገጹ ኮድ ስለሚመጣ ተርፏል። የጠፋው ልጅቷ የለፋችበት ብቻ ነው።

ለአዲሱ ሆስቲንግ ድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። መልሱ «ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርገው እንደገና ይጫኑት» የሚል ነበር። ዩቲኤፍ-8 የየቋንቋውን ፊደል ኮምፒውተር በሚያስቀምጠው ባይት የመጻፊያ ስልት ነው። አደረግኩ። ያው ነው። እንደገና ጻፍኩ፤ ሌላ ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ላከልኝ። ሦስተኛው ደግሞ ቋንቋው «አይደገፍ ይሆናል» አለኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ አለ! ሁለት ቀን እንዲህ አለቀ፣ አንዳቸውም ፋይሉን አልከፈቱትም። እኔስ ሦስት ወር ሙሉ መች ከፈትኩትና ነው የምቆጣው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። የድሮው ሰርቨር የዳታቤዝ ፕሮግራም ማይኤስኪውኤል 5.7 ነበር፤ ምንም ካልነገራችሁት የሚያወራው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው በላቲን-1 ነው፣ ይህ ደግሞ ከ256 ምልክት በላይ ቦታ የለውም። ሳይቱ ራሱ ሲገናኝ ዩቲኤፍ-8 እንዲጠቀም ነግሬው ስለነበር ገጹ ላይ አማርኛው ያምር ነበር። ባካፕ የሚያደርገው ስክሪፕቴ ላይ ግን ያችን አንድ መስመር ረሳኋት። ስለዚህ ዳታቤዙ ለስክሪፕቱ ሲያቀብል «ሀ»ንም «ፐ»ንም የሚያስቀምጥበት ቢያጣ በጥያቄ ምልክት ተካቸው። አንዴ ከተተኩ በኋላ የትኛው «ሀ»፣ የትኛው «ፐ» እንደነበር የሚለይ ነገር የለም። ጽሑፋችሁ ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከተቀየረ ደስ ይበላችሁ፤ ባይቶቹ ብዙ ጊዜ አሉ፣ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሉም።

ያዳነኝ አንዱ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ነው። የኢንተርኔት አርካይቭ ሮቦት በመሀል አንድ ቀን መጥቶ የተወሰኑ ገጾችን ገልብጦ ሄዶ ኖሮ 300 ያህል መጽሐፍ ከዚያ ለቀምኩ። ሌላውን ያዳነችው ልጅቷ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ «አራት ፊደል፣ ከዚያ ሦስት፣ 900 ብር... መዝገበ ቃላት!» ትላለች። ለካ አንድ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ስለሆነ ርዝመቱ አልጠፋም። ዋጋውንና የፊደሉን ብዛት ከደብተሩ ጋር እያመሳከርን አሥራ አንድ ማታ ሠራን። አንዴም አልተቆጣችኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሥራ የማስረክበው እንዲህ ነው። ሰንጠረዡም፣ ግንኙነቱም፣ ባካፑም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (በማይኤስኪውኤል ለአንድ ፊደል እስከ አራት ባይት የሚይዘው ዩቲኤፍ-8) ይሆናል። ከማይኤስኪውኤል 8 ወዲህ ሳይነግሩትም እሱን ነው የሚይዘው፤ እኔ ግን በእጄ እጽፈዋለሁ። «ለአማርኛ የድሮው ዩቲኤፍ8 ይበቃል» የሚሏችሁ አልዋሹም፣ ሦስት ባይት ይበቃዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት አራት ባይት ይፈልጋሉ፤ ነገ የጉራጊኛ መጽሐፍ ሊያስገቡ የሚመጡትን ደንበኛ ምን ልትሏቸው ነው?

የሆስቲንግ ድርጅቶች «ባካፑን እኛ በየቀኑ እናደርጋለን፣ አይጨነቁ» ይላሉ። ተጨነቁ። እኔ ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ፋይል ባዶ ዳታቤዝ ላይ ጭኜ አንድ የመጽሐፍ ስም በአማርኛ እፈልጋለሁ። ስፈልግም «ፀሐይ» ብዬም «ጸሀይ» ብዬም ነው፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም፣ እናንተ ናችሁ ከመፈለግ በፊት ወደ አንድ የምትቀይሯቸው። እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ደብተሩ ካለቀ በኋላ በቀጥታ ሳይቱ ላይ የገቡ 17 መጻሕፍት እስከ ዛሬ በጥያቄ ምልክት እንደተጻፉ ናቸው። ልሰርዛቸው ብል ጋሼ ከለከሉኝ። ባለፈው ወር አንድ ሰው ደውሎ «ያ ባለ 250 ብሩ ጥያቄ አለ?» አላቸው። ጋሼ መደርደሪያው ላይ 250 የተጻፈበትን ፈልገው አቀበሉት፣ ሰውየውም ሳይከራከር ከፈለ።