ዝናብ ያላጠበው ቅጠል

ጀርመን አገር፣ በውስጡ ያለው ብረት እንዲለካ ከሀርዝ ተራሮች የሚመጣ የዕፅዋት ናሙና የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። እዚያ አካባቢ ለብዙ መቶ ዓመታት እርሳስና ዚንክ ወጥቷል፤ የራምልስበርግ ማዕድን እንኳ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሌላው ተክል በሚጠወልግበት የተረፈ ድንጋይና ዝቃጭ ክምር ላይ አራቢዶፕሲስ ሃሌሪ የምትባል ነጭ አበባ ያላት የዱር ተክል ትለመልማለች። በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠሏ ከ10,000 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ልታከማች ትችላለች። ሥሯ የሳበውን ዚንክ አያስቀርም፤ ወደ ላይ ይልከዋል፣ ቅጠሏም በሴሎቿ ውስጥ ቆልፋ ትይዘዋለች።

ያጨቃጨቀን እርሳሱ ነው። የቡድኑ መሪ ቅጠሉ ሳይታጠብ ደርቆ እንዲፈጭ አዘዘ። ይታጠብ ስለው፣ «ዝናብ አጥቦታል» አለኝ። አንዱን ቅጠል በማጉያ መነጽር አሳየሁት። ፀጉራም ነው፤ በየፀጉሩ ሥር ግራጫ ብናኝ ተጣብቋል።

«ይሄስ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «አምና አላጠብንም፤ ዘንድሮ ካጠብን ማወዳደር አንችልም» ብሎኝ ሄደ።

ይህ መልስ እስካሁን ያበሽቀኛል። እርሳስ አፈር ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ተክል ቢስበውም አብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል። ቅጠል ላይ እርሳስ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። እሱ ግን የአምናውን ቁጥር ይዞ፣ ተክሏ መሬቱን ከእርሳስ ታጸዳለች ይል ነበር።

ናሙናውን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን እንደታዘዝኩት፣ ግማሹን በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ማድረቂያ ውስጥ ከተትኩ። ውጤቱ ሲወጣ የታጠበው ላይ እርሳሱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዚንኩና ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ንቅንቅ አላሉም፤ ቅጠሉ ውስጥ ናቸዋ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው። አዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የለማ ጎመን ገበያ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ስናጥበው አቧራውን እናስለቅቃለን እንጂ ሥሩ የሳበውን ካድሚየም አናወጣውም።

ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁለት። በቀጣዩ ስብሰባ «ከእንግዲህ እናጥባለን» አለ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። የአምናው የእርሳስ ቁጥር ከሪፖርቱ አልወጣም፤ አሁንም ተጠቅሶ ሳየው ያመኛል።