ከቤት በር እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ

በውጭ አገር የሚሠሩ ዲፕሎማቶች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን አንድ በአንድ ስታዩ፣ ቦታው ደጋግሞ ያው ነው፤ የቤት ደጃፍ። በጁላይ 1976 በአየርላንድ የብሪታንያ አምባሳደር የነበሩት ክሪስቶፈር ኤዋርት ቢግስ የተገደሉት መኖሪያቸውን ለቀው ብዙም ሳይርቁ መንገድ ላይ በተጠመደ ፈንጂ ነው። በኦክቶበር 2002 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ አሜሪካዊው ዲፕሎማት ላውረንስ ፎሊ የተተኮሰባቸው ከቤታቸው ወጥተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሀል ከተማ ከገባችሁ መንገድ መምረጥ ትችላላችሁ። ከበራችሁ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ሊያጠቃችሁ የሚያደባ ሰው እዚያ ቆሞ ቢጠብቅ አይስታችሁም። ስለዚህ «መንገድ ቀያይሩ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። እዚያች ቁራጭ መንገድ ላይ መቀየር የምትችሉት ሰዓቱን ነው። አሥር ደቂቃ ማዛነፍ ዋጋ የለውም፤ የሚያደባ ሰው አሥር ደቂቃ ይታገሣል። ሰኞ በጠዋት፣ ማክሰኞ አርፍዶ እያሉ በየሳምንቱ ያንኑ መድገምም ያው ሌላ ፕሮግራም መሆኑ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ከላይኛው መስኮት መንገዱን ተመልከቱ፤ ዘበኛውንም ጠይቁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሰው የተቀመጠበት መኪና፣ ትናንት ያልነበረ ቁፋሮ፣ ገበያ የማያጓጓው ሻጭ አለ? ግቢው የሚከፈተው ሞተሩ ተነሥቶ፣ በሮቹ ተቆልፈው ነው። ማታ ስትመለሱ ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ። በሩ ካልተከፈተ ደጅ ላይ ቆማችሁ ጥሩምባ አትንፉ፤ አልፋችሁ ሂዱና ዞራችሁ ተመለሱ።

መኪናውን ፊቱን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ፤ ነዳጁ ከግማሽ በታች አይውረድ። ትራፊክ ሲያቆማችሁ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን ሲነኩ እንዲታዩ ያህል ራቁ፤ ከዚያ ከቀረባችሁ ወደ ኋላ ሳትሉ መውጣት አትችሉም። የሚከተላችሁ ካለ ወደ ቤት አትሂዱ። ሳትፈጥኑ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ኤምባሲው ሂዱ።

ሰሌዳውን፣ ቀለሙን፣ ሰዓቱን በዚያው ቀን ለደኅንነት ኃላፊው አስመዝግቡ። ብዙ ሰው «ምንም ላይሆን ይችላል» ብሎ ያፍርና ይተወዋል፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የእናንተ ማስታወሻ ለብቻው ምንም ላይመስል ይችላል። ሦስት ባልደረቦች በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰፈር ያንኑ መኪና ካዩ ግን ክትትል አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ። መሸሸጊያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መኝታ ቤት ነው፤ ድፍን በር፣ ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን። ሁሉም ስለ ጥይት ያስባል፤ ጭሱን ይረሳዋል። በሴፕቴምበር 2012 በሊቢያ ቤንጋዚ ውስጥ የአሜሪካን አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስንና አንድ ባልደረባቸውን መሸሸጊያ ብለው በገቡበት ክፍል የገደላቸው የእሳቱ ጭስ ነበር። ሁለተኛ መውጫ የሌለው ክፍል ወጥመድ ነው። የመስኮቱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም እዚያው አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። መብራት አጥፍታችሁ፣ ልጆቹም ጭምር፣ መክፈቱን ተለማመዱ። በጨለማ ካልተከፈተ አስተካክሉት።

መስታወት ሌላው ነው። ኦገስት 7 ቀን 1998 ናይሮቢ ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ፣ ከዋናው ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ በተሰማው ድምፅ ብዙ ሰው ምን ሆነ ብሎ ወደ መስኮት ሄደ፤ ፍንዳታው መስታወቱን ፊታቸው ላይ በተነው። ድምፅ ስትሰሙ ወለል ላይ ተኙ፤ ከዚያ መስኮት ወደሌለበት ኮሪደር ተሳቡ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ስብርባሪውን ይይዛል፤ ከክፈፉ ጋር ካልታሰረ ግን መስታወቱ እንዳለ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ዲፕሎማሲ ግንኙነት የወጣው የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 29 ዲፕሎማቱን የተቀበለው አገር በዲፕሎማቱ አካል፣ ነፃነትና ክብር ላይ ጥቃት እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያስገድዳል። ስለዚህ የፖሊስ ጥበቃ ስትጠይቁ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይሁን።

በአገሩ ተወላጅነታቸው የተቀጠሩትን ሠራተኞች አትርሱ። በኦገስት 7 ቀን 1998 በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በደረሱት ፍንዳታዎች ከሞቱት 224 ሰዎች አብዛኞቹ አፍሪካውያን ነበሩ። ሹፌሩ፣ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሰፈሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እንግዳ ፊት ቀድሞ የሚታየው ለእነሱ ነው። በስልጠናው አብረው ይቀመጡ፣ የአደጋ ጊዜ ስልኮቹ በቋንቋቸው ተጽፈው ይሰጧቸው፣ መሸሸጊያው ክፍልም እነሱን ጨምሮ የሚበቃ ይሁን።