የጋሼ ዴድዉድ

መጀመሪያ የሰማሁት ስድቡን ነበር። እ.ኤ.አ. 2008 ነው፤ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከገባሁ ገና አምስት ወሬ። ከጋሼ ጋር በደባልነት በምንኖርባት ቤዝመንት ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ፍራሽ ነበረን። የማታ ሺፍቴን ጨርሼ ጠዋት ስገባ ጋሼ የትላንቱን ወጥ አሙቆ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ካውቦይ ያያል። ጭቃ፣ ፈረስ፣ ጢም፣ ውስኪ፣ ከዚያ ስድብ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ስድብ እለያለሁ፤ ሥጋ ማዘጋጃ ውስጥ ቀድሞ የሚለመደው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ስድብ ብቻ እኮ ነው። ምኑ ይታያል?»

«ስድቡን እለፈውና ስማው» አለኝ።

አላለፍኩትም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ጋሼ ሲኒማ ራስ ካውቦይ እያየ ያደገ የመርካቶ ልጅ ነበር። የ«ዴድዉድ»ን ዲቪዲ ያገኘው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሲሆን፣ የገዛበት ምክንያት ደግሞ ሽፋኑን አንብቦ ታሪኩ እዚሁ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የሆነ መሆኑን ስላየ ነው። «የራሳችን ስቴት ነው እኮ!» ይል ነበር፣ ዘመዱ ቴሌቪዥን ላይ እንደወጣለት ሰው። ድራማው ያኔ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኤችቢኦ ላይ በ2004 ተጀመረ፤ ሦስት ሲዝን፣ 36 ክፍል ሄደና በ2006 ሳይቋጭ ተቋረጠ። ሳይቋጭ መቅረቱ ጋሼን እንደ ግል በደል ነበር የሚያንገበግበው።

ሚስቴ መጥታ የራሴን ቤት ስይዝ ዲቪዲዎቹን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። «እንግሊዝኛህ ሲበስል ታየዋለህ።» ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ወረወርኩት። እዚያው ዓመታት ተቀመጠ።

በ2020 ሚያዝያ ከተማችን በኮሮና ስትመታ ፋብሪካው ለጊዜው ተዘጋ። እኔም ተያዝኩና ሚስቴና ልጄ ፎቅ፣ እኔ ቤዝመንት ሆንኩ። ምግቤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በር ይንኳኳል፤ ኮቴው ሲርቅ ወጥቼ አነሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ማየት ሲሰለቸኝ ፌስታሉን አገኘሁት። ዲቪዲ ማጫወቻ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል፤ የልጄ ፕሌይስቴሽን ግን ያጫውታል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1876 ነው። ብላክ ሂልስ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። መሬቱ በ1868 በተፈረመ ውል ለአገሬው ተወላጆች ለላኮታዎች የተተወ ስለሆነ ዴድዉድ የተባለው የወርቅ ፈላጊዎቹ ካምፕ ራሱ ሕገ ወጥ ነው፤ ሸሪፍ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ግብር ሰብሳቢ የለ። ሴዝ ቡሎክ የሚባል የቀድሞ የሕግ ሰው ከጓደኛው ከሶል ስታር ጋር መጥቶ የብረታ ብረት ዕቃ ሱቅ ይከፍታል። አል ስዌረንጀን የሚባለው ደግሞ የመሸታ ቤቱ ጌታ ነው፤ ሴት ይሸጣል፣ ሰው ያስገድላል፣ ጠዋት በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ ካምፑን ቁልቁል ያያል። ይኼን ሰውዬ የሚጫወተው ኢያን ማክሼን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሁሉም በእውነት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እውቁ ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክም አለበት። አክተሩ እሱ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሕግ አክተር አይሞትም። አራተኛው ክፍል ላይ ካርታ ሲጫወት ከኋላው ተተኩሶ ሞተ። እውነተኛውም ሂኮክ የሞተው እንደዚያው ነው። ለጋሼ ደወልኩለት።

«አክተሩ ሞተ እኮ!»

«አክተሩ ካምፑ ነው» አለኝ፤ ሳቀና አሳለው። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ስድቡን ማለፍ የቻልኩት ሰባተኛው ክፍል አካባቢ ይመስለኛል። ስድቡ ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው ቋንቋ ግን ጉድ ነው። ደራሲው ዴቪድ ሚልች ድሮ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ ተጋድሞ እሱ ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ዐረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ተጠማዝዘው፣ ተጠምዝዘው፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ዱብ ይላል። እዚሁ የተወለዱት የሥራ ጓደኞቼ «ይኼማ ጽሑፉን ከሥር ካላነበቡት አይገባም» ብለው ያማርራሉ። እኔን ግን ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ፤ ገባኝ። አማርኛ ተናጋሪ ማሰሪያ አንቀጽ መጠበቅ ለምዷል። ሰውየው መጣ ይሁን ሞተ፣ ሰጠ ይሁን ነሳ ሳናውቅ እስከ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ በትዕግሥት እንሄዳለን። እንግሊዝኛ ነገሩን ፊት ለፊት አውጥቶ ሲያስቀምጥ ሁሌም የቸኮለ ይመስለኝ ነበር። ስዌረንጀን አይቸኩልም።

ደግሞ አንቱታው! ሊገዳደሉ የሚፈላለጉ ሰዎች «ሚስተር ቡሎክ»፣ «ሚስተር ስዌረንጀን» ይባባላሉ። ስድቡ መሀል ላይ፣ አክብሮቱ ጫፍ ላይ። ይኼን ለማስረዳት ጋሼን ብቻ ማየት በቂ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የተቆለለ ሳህን ሲያይ በስሜ መጥራት ያቆምና «እርስዎ ሰውዬ፣ ሳህኑን መቼ ለማጠብ አስበዋል?» ይለኝ ነበር። «አንተ» ሲለኝ ሰላም ነው። አንቱ ከሆንኩ አበቃልኝ።

ሚስተር ዉ የተባለው ቻይናዊ ግን የራሴ ሥዕል ነው። የቻይኖቹን መንደር የሚመራ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አንድ ስድብና የተበላሸ የ«ስዌረንጀን» ስም ነው ማለት ይቻላል። ዕቃው ተዘርፎ ዕቃ አምጪው ሲገደልበት ለአል የሚያስረዳው በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ነው። ስድቧን እየደጋገመ፣ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በጥያቄ፣ አንዴ በሐዘን። ሰው ይስቃል፤ ሚስቴ አብራኝ ስታየው በሳቅ ሞታለች። እኔ አልሳቅኩም። ፋብሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ቢላዬ መደነዙን ለሱፐርቫይዘሬ ለማስረዳት ካርቶን ላይ ቢላ ሥዬ፣ ከጎኑ የሚያለቅስ ፊት አድርጌ አውቃለሁ። አዲስ ቢላ ተሰጠኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ካምፑ ውስጥ ፈንጣጣ የሚገባበት ክፍል ላይ የደረስኩት ትኩሳቴ በወረደ ማግስት ነበር። ሕግ የሌለው ካምፕ ምን ያደርጋል? ስዌረንጀን ዋና ዋናዎቹን ሰዎች መሸታ ቤቱ ውስጥ ይሰበስብና ያወያያል፤ ክትባት ፈላጊ ፈረሰኛ ይላካል፣ ለበሽተኞች ድንኳን ይተከላል፣ ጋዜጣው ላይ ምን ይውጣ ተብሎ ይከራከራሉ። ሰካራሟ ካላሚቲ ጄን ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ታስታምማለች። ስብሰባው ላይ በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ቀርቧል። ደም አፍሳሽ ሁሉ ክብ ሠርቶ፣ መሀሉ ላይ ኮክ። አል ይኼን የሚያደርገው ለነፍሱ አይደለም፤ ሰው ከሸሸ ገበያ የለም። ድራማውን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ማንንም አያጸድቅም፤ ሰዎቹ ግን ሳያስቡት አገር ይሆናሉ።

ያን ቀን ማታ ከጋሼ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።

«እኛስ በምን ጀመርን?» አለኝ። «በአምባሻ አይደል?»

እድራችንን ማለቱ ነው። አንድ ልጅ በመኪና አደጋ ሞቶብን አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ በየቤቱ እየዞርን የለመንን ጊዜ፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበን። የወር መዋጮው አሥር ዶላር ይሁን ሃያ በሚል ልንደባደብ ደርሰን ነበር። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ በፖለቲካ የማይነጋገረው፣ ሁሉም የየራሱን ጥግ ይዟል። ጋሼ ምንም ሳይናገር አምባሻውን ቆረሰና አዞረ። አፍ በአምባሻ ሲሞላ ጩኸቱ ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም ገሚሱ የገባው የራሱ ሬሳ እንዳይጉላላ ብሎ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። «የመሬቱ ባለቤቶች የት አሉ?» አልኩት። ላኮታዎች በድራማው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። አል በሣጥን ውስጥ ያለ የአንድ ቀይ ሕንዳዊ ጭንቅላት ያስቀምጣል፤ ብቻውን ሲሆን የልቡን የሚያጫውተው ለሱ ነው። ግሩም ትዕይንት ነው፤ ግን የአገሩ ባለቤት የቀረው በሣጥን ውስጥ ጆሮ ሆኖ ነው። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ያለ አግባብ መወሰዱን ተቀብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፈል አጽንቷል። እነሱ ግን መሬታችን አይሸጥም ብለው እስከ ዛሬ አልነኩትም። ጋሼ «ድራማው የሌቦቹ ታሪክ ነው፤ ሌባ ባለቤቱን አያይም» ብሎ ተከራከረኝ። አሁንም አላሳመነኝም።

ሁለት ክፍል ሲቀረኝ ጋሼ ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ ላይ በስልክ እናወራ ነበር። በ2019 የወጣውን የማጠቃለያ ፊልም አስቀድሞ አይቶት ስለነበር «ሁሉም ሸምግለው መጡ» እያለ ያጓጓኛል። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ የመተንፈሻ መሣሪያ ገባለት። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ነርሷ በታብሌት ታሳየኝ ነበር፤ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም።

አስከሬኑን ወደ አገር ቤት መላክ ስላልቻልን እዚሁ ቀበርነው። አሥር ሰው፣ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን። ቄሱ ከቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 አነበቡ፤ አካል አንድ ብልት ሳይሆን ብዙ ብልቶች ነው የሚለውን። ደነገጥኩ። ዴድዉድ ላይም ሂኮክ ሲቀበር ሰባኪው ያንኑ ነው የሚለው። ለማን ልደውል?

መርዶው ደግሞ ነበረ። አዲስ አበባ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ለዝምድና ቅርብ የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎችን አግኝተን ማለዳ ላይ እህቱ ደጅ ላክናቸው። በማግስቱ ራሷ ደወለችልኝ። አላለቀሰችም።

«አንተ ነህ አብረኸው የኖርከው አይደል? እውነቱን ንገረኝ። ተሠቃይቷል?»

«አልተሠቃየም እትዬ። እንቅልፍ እንደወሰደው ነው ያለፈው።»

የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ሳላያቸው ዓመት አለፈ። በ2021 ክረምት፣ ማለቴ በእነሱ በጋ፣ ቤተሰቤን ጭኜ ዴድዉድ ሄድን፤ ከሱ ፎልስ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፣ ሚዙሪ ወንዝን ተሻግሮ። ጭቃው የለም፤ ያ ጭቃ ለካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከተማው ቁማር ቤትና ቱሪስት ሞልቶታል። ሞሪያ ተራራ የሚሉት መቃብር ላይ ሂኮክና ካላሚቲ ጄን ጎን ለጎን ተኝተዋል። ልጄ አይስክሬም ሲል ወረድን።

ስንመለስ ጨረስኩት። ካለቀ ይኼን ያህል ዓመት የሆነው ነገር ስለሆነ መጨረሻውን ብናገር አልወቀስም። አል አንዷን የቤቱን ሴት ገድሏል፣ ሌላዋን ለማትረፍ። ልጅቷን ይወዳት የነበረው ጆኒ መጥቶ ተሠቃይታ እንደሆነ ይጠይቀዋል። አል የቻለውን ያህል ለስለስ እንዳደረገው ነግሮት ነገሩን ይዘጋዋል። ጆኒ ይወጣል። አል ተንበርክኮ ወለሉ ላይ ያለውን ደም በብሩሽ እየፈገፈገ፣ የሚያምር ነገር እንድነግረው ይፈልጋል ብሎ ያጉረመርማል። በዚያ አለቀ።

ሦስቴ መልሼ አየሁት። ለካ ጋሼ ሳይቋጭ ቀረ እያለ ሲናደድ ተሳስቶ ነበር።

እህቱ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ትደውላለች። ስለ ልጄ ትጠይቃለች፣ ስለ ብርዱ ትጠይቃለች፣ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ያችኑ ትጠይቀኛለች። ያችኑ እመልሳለሁ።