አሥራ አንደኛው ከረጢት

እሁድ ማታ ያ ድብርት ደግሞ መጣ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ነገ በሌሊት ሥራ ገቢ ነኝ፣ እንቅልፍ ግን በዐይኔ አልዞር አለ። እንደለመድኩት ስኒ ውስጥ ዘፍዝፌ የከረምኩትን አሮጌ የሮማ ሳንቲም አወጣሁና በስቴኪኒ መፈግፈግ ጀመርኩ (ስኒዋ እናቴ ከላከችልኝ የረከቦት ስኒዎች አንዷ መሆኗን እንዳትነግሩብኝ)።

አፈሩ ሲለቅ መጀመሪያ የታየኝ ጦር ነው፣ ቀጥሎ ጋሻ የተደገፈ ወታደር፣ ከዛ ጓደኛው፣ በመሃላቸው ደግሞ ዘንግ። አንድ መስሎኝ ነበር፣ ሁለት! ብቻዬን «እሰይ!» አልኩ። የቆስጠንጢኖስ ዘመን ነሐስ ናት፣ ዙሪያዋን «የሠራዊቱ ክብር» ተብሎ ተጽፎባታል፣ በ330 አካባቢ (በፈረንጅ ነው) መምታት ሲጀምሩ በወታደሮቹ መሃል ሁለት የጦር ዓርማ (ያ ዘንግ ማለቴ ነው) ነበር፣ አምስት ስድስት ዓመት ቆይቶ ሳንቲሟ ከሳችና ጠበበች፣ አንደኛው ዓርማ ቦታ አጥቶ ወጣ። ወታደሮቹ ግን አልተቀነሱም፣ ተጠጋግተው ቆሙ። ኑሮ ሲወደድ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው መሰለኝ። ከእግራቸው ስር ቲ እና አር አለባት፣ ትሪር ነው የተመታችው፣ እዚሁ ጀርመን።

ሳንቲም ላይ የንጉሥ መልክ አይስበኝም፣ እኔ ዓርማ ያለባትን ብቻ ነው የምለቅመው። ሁሉም የተጀመረው በዛች ጉደኛ የሮማው ጦር መሪ የማርክ አንቶኒ ዲናር፣ በብር ሳንቲም ነው። ሰውዬው ከአክቲየም ጦርነት በፊት፣ ክርስቶስ ሊወለድ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲቀረው፣ ለወታደሮቹ ደሞዝ ያስመታት ናት፣ ባንድ በኩል መርከብ፣ በሌላው ንስርና ሁለት ዓርማ፣ የሌጌዎኑም (የክፍለ ጦሩ) ቁጥር። ብሩ ድብልቅ ስለነበር ሰው ጥሩ ጥሩውን እየደበቀ እሷን አወጣት፣ እሷም ከእጅ እጅ ስትዞር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረች። የኔዋ ቁጥሯ ሙልጭ ብሏል። ባይልማ ኖሮ አቅሜም አይደርስባት።

እና ስቴኪኒውን እንደያዝኩ ምን መጣብኝ፣ ይሄን ዘንግ የሚሸከመው ሰው። የአውሬ ቆዳ ራሱ ላይ ደፍቶ ከፊት የሚሄደው። ቬጌቲየስ የሚባል የሮማ ጸሐፊ እንደሚለው ሰውዬው ገንዘብ ያዥም ነበር! ወታደር ከንጉሡ ስጦታ ሲሰጠው ግማሹ ዓርማው ዘንድ ይቀመጥለታል፣ አሥር ከረጢት አለ፣ ለያንዳንዱ ሻለቃ አንድ አንድ። ምክንያቱን ስሙት፦ ወታደር እጁ የገባውን ያጠፋል፣ ቁጠባው ዓርማው ዘንድ ካለ ግን ጥሎት አይሸሽም። ለዚህ ነው ዓርማ ያዡ ታማኝም የተማረም መሆን ያለበት ይላል፣ ገንዘብ መጠበቅም ሒሳብ መመለስም ስላለበት።

አሥራ አንደኛ ከረጢት ደግሞ አለ። ሌጌዎኑ በሙሉ ትንሽ ትንሽ ያዋጣበታል፣ ከመሃላቸው አንዱ ሲሞት መቅበሪያ።

እድር'ኮ ነው! በቃ እድር ነው፣ ንፍሮው ነው የቀረው።

እርግጥ የተጠራቀመ ገንዘብ ጣጣውም አይጠፋም። በ89 ዓ.ም (በፈረንጅ) ማይንስ ላይ፣ ከኔ ሰፈር በከተማ ባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላው ቦታ፣ ሳቱርኒኑስ የሚባል የሮማ አገረ ገዢ አመፀ፣ የልብ ልብ የሰጠው ሁለት ሌጌዎን እዛው ያስቀመጠው ቁጠባ ነው ተባለ፣ ከዛ በኋላ ንጉሡ ዶሚቲያን ማንም ወታደር ከ1,000 ሴስቴርስ (የሮማ ገንዘብ ነው) በላይ ዓርማው ዘንድ እንዳያስቀምጥ ከለከለ።

የኛ እድር ዓርማ ያዥ ጋሽ መ. ናቸው። የአውሬ ቆዳ የላቸውም፣ ያቺ ቡኒ ኮፍያቸውና ጥግ ጥጉ የተበላ ደብተራቸው ናቸው። አምና የዛን ልጅ ሬሳ ወደ ሀገር ቤት ስንልክ ሌሊቱን ሙሉ አዳራሹ ጥግ ቁጭ ብለው ሲደምሩ ነው ያደሩት፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛውን አዩት። እኔ ያን ሌሊት እያለቀስኩ «ከእንግዲህ እድሬን አንድም ወር አላሳልፍም» ብዬ ነበር።

ሦስት ወር ሆኖኛል።

ይባስ ብሎ ለዲናሯ ያወጣሁት የዓመት መዋጮዬን ከፍሎ ይተርፍ ነበር። ሞቼ ብገኝ ጋሽ መ. ምን ብለው ነው ደብተሩን የሚገልጡት? «ውዝፍ አለበት፣ ግን ሃያ ሦስት ዓርማ አለው»? እሳቸው ደግሞ ተናግረውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ባለፈው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ እጄን ይዘው «ከሳህ፣ ደህና ነህ ልጄ?» ብቻ አሉኝ።

አሁን ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ፣ ለካ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው።

ደሞ ሳንቲሟን የት ነው ያደረግኳት? ስኒው ውስጥ የለችም።