ከቦሌ ደለስ፦ 13 ሰዓት የሚባለው የመልሱ ነው

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን (ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ) ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው 13 ሰዓት ገደማ የሚል መልስ ያገኛል። ውሸት አይደለም፤ ግን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የመመለሻው ጉዞ ነው። መሄጃው 16 እና 17 ሰዓት ይደርሳል።

ርቀቱ በአጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። የርቀት ማስያ ድረ ገጾች የሚያደርጉት ይህንኑ ማካፈል ነው፤ ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ደቂቃ ጣል ያደርጉበታል፣ በቃ። ስለ ንፋስ፣ ስለ ነዳጅና ስለተዘጋ ሰማይ የሚያውቁት ነገር የለም። ለምሳሌ አጭሩ መስመር በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ግን አብራሪዎች ያንን ሰማይ ትተው በሌላ በኩል መዞር ግድ ሆኖባቸዋል።

ዋናው ጉዳይ የቦሌ ከፍታ ነው። 2,330 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ወደ 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ መንገደኛና ሻንጣ ሞልቶ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ለጫነ አውሮፕላን አይበቃም። ስለዚህ ነዳጅ ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ሮም፣ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ በየጊዜው ለዚህ አገልግለዋል። በደብሊን ማለፍ ከቀጥታው መስመር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በሎሜ ግን 1,200 ገደማ ይጨምራል። የደብሊኑ ላይ ጊዜ የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው።

ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ነው። ታንኩ ጢም ብሎ ይነሳል፣ ቀጥታ ቦሌ ይገባል። በላዩ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ንፋስ ከኋላ ይገፋዋል፤ ሲሄድ ፊቱን የመታው ያው ንፋስ ነው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ስለሆነ ዝም ብሎ መቀነስ ያሳስታል። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ 7 ሰዓት ትቀድማለች። በበጋቸው ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ የሚገባ በረራ በወረቀቱ 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7 ሲቀነስ 13 ነው። ሲሄዱ ደግሞ ይደመራል፦ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 የሚደርሰው 10 ሳይሆን 17 ሰዓት በርሯል፣ ማረፊያውን ጨምሮ።

ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ 6 ይቀነሳል፤ 22:30 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚሸወደው ቀኑ ላይ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ 00:30» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለብዎት ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ እየጎተተ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።